የነጋድራስ ፈዲላ መመሪያ

ፈዲላ ኑርዬን ለማወቅ መጀመሪያ ወፍጮ ቤት ተራ መጠበቅ ያስፈልግ ነበር። እንዴት ያለ መጠበቅ! ዘመኑ 1974 ዓ.ም. አካባቢ ነው፤ ናፍጣ እንደ ማር የሚናፈቅበት። የቀበሌያችን ወፍጮ አንድ ቀን ይሠራል፣ ሌላ ቀን ያስላል፣ ሲብስበት ጭራሽ ዝም ይላል። ከአርዲቦ ሐይቅ ማዶ እህሉን በአህያ ጭኖ የመጣው ገበሬ፣ የሐይቅ ከተማው ነጋዴ፣ እኔም አዲሷ ሙሽራ ከአማቴ ማሽላ ጋር፣ ሁላችን ግቢው ውስጥ ባለችው ዋርካ ጥላ ሥር ተኮልኩለን እንውላለን። ታዲያ ቶሎ ይድረሰኝ ብሎ የሚጸልይ አልነበረም። ወላሂ፣ እንዲያውም ተራው የደረሰው ሰው ያዝን ነበር!

ምክንያቷ ፈዲላ ናት።

ፈዲላ የወፍጮ ቤቱ መዛኝ ነበረች። ረጅም፣ ቀጭን፣ ቅንድቧ ላይ ዱቄት የማይጠፋ ሴት። ሞተሩ ዝም ባለ ቁጥር ሚዛኗን ትታ ትወጣና ከዋርካው ሥር የላም ቁርበት ታነጥፋለች። ከወፍጮው ሥር የተጠረገውን ዱቄት ትበትንበታለች። ከዚያ በአመልካች ጣቷ መንገድ ትሰምርበታለች፤ ከባቲ ተነስቶ፣ ሐይቅን ታክኮ፣ በአምባሰል ሽቅብ እስከ ውጫሌ። ውሃ ያለበት ጣሳ ሐይቁ ነው። የተደፋ ኩባያ ተራራ ነው። የበቆሎ ቆረቆንዳ ደግሞ ኬላ። ከዚያ ዙሪያዋን ታይና ሥራ ታድላለች።

«አንቺ ነጋዴ ነሽ። አንተ አጋሰስ ነጂ። አንተ ኬላ ጠባቂ፤ ጉቦ ትወዳለህ፣ ግን ሚስትህን ትፈራለህ። ሙሽሪት፣ አንቺ ሽፍታ።»

ሽፍታ እኔ ነኝ! አማቴ ፊት ቀና ብዬ የማላይ ሴት፣ ዋርካው ሥር ስደርስ ግን ስንቱን ባለ በቅሎ አስለቅሼዋለሁ። ሽፍትነት እንዲህ እንደሚያምርብኝ በየት አውቄ!

ጨዋታው «ሲራራ» ይባላል። መሪዋ ነጋድራስ ናት፤ መንገዱ ላይ የሚያጋጥመውን የምትናገረው እሷ። «ሚሌ ወንዝ ሞልቷል። ምን ታደርጋላችሁ?» ትላለች። አንዱ እሻገራለሁ ይላል፣ ሌላው ጎድሎ እስኪያልፍ አድራለሁ ይላል። ነገሩ ሲያጠራጥር ክክ ባቄላ ይወረወራል። ሆዱ ወደ ላይ ከወጣ ቀናህ፤ ጀርባው ከወጣ አለቀልህ። ከዚያ ነጋድራስ እንዴት እንዳለቀልህ ትነግርሃለች፤ አጋሰስህ እንዴት እንደተንሸራተተ፣ ጭነቱ እንዴት እንደተንከባለለ፣ ገደሉ ሥር ያለች ዝንጀሮ የጨው አሞሌህን አንስታ እንዴት እንደላሰች። ሰው ሆዱን ይዞ ይስቃል። አጋሰሱ ገደል የገባበትም አብሮ ይስቃል።

ይኸን ከየት አመጣችው? ከአባቷ። ሼህ ኑርዬ የሲራራ ነጋዴ ነበሩ፤ ዕድሜያቸውን ከባቲ ጨው ሲያመላልሱ የኖሩ። መኪና መጥቶ በቅሎዎቻቸውን ሥራ ሲያስፈታ፣ መንገዱን ለመተው ልባቸው እምቢ አለ። ስለዚህ ቁርበት አንጥፈው፣ ባቄላውን በቅሎ አድርገው፣ ከሴት ልጃቸው ጋር ቤታቸው ቁጭ ብለው ውጫሌ ደርሰው መመለስ ጀመሩ። ፈዲላ ኋላ እውነተኛዋን ውጫሌን አየቻት፤ እዚያ ተድራ፣ እዚያ ባሏን ቀብራ ተመለሰች። «የአባቴ ውጫሌ ትሻላለች» ስትል ሰምቻታለሁ።

ታዲያ አንድ ቀን ከተራ ጠባቂዎቹ አንዱ ጋሽ ማዕረግ ነጋዴ ሆነው ተደልድለው፣ ኬላ ጠባቂው አላሳልፍ ቢላቸው፣ ዱላቸውን መዘዙና «እንግዲህ ኬላውን ሰብረን እናልፋለን!» ብለው ጮኹ። አጥር ጥግ አብዮት ጥበቃ ያልፍ ነበር። በማግሥቱ ፈንታሁን መጣ።

ፈንታሁን የቀበሌያችን የቅስቀሳ ኃላፊ ነው። ወጣት፣ ቁምጣ ካኪ የማይለየው፣ እናቱ እንደኛው ተራ ጠብቃ የምታስፈጭ የሰው ልጅ። ቁርበቱን ቆሞ አየው።

«እትዬ ፈዲላ፣ ይኼ ምንድነው?»

«ጨዋታ ነዋ።»

«ማን ፈቀደው?»

«ናፍጣ አለመኖሩ።»

ሰው ሳቀ። ፈንታሁን ራሱ ከንፈሩን ነከሰ።

«መመሪያውስ የታለ? ስብሰባ መመሪያ አለው። ስፖርት መመሪያ አለው። ኪነትም መመሪያ አለው።»

«አባቴ ያለ መመሪያ ነው ያስተማሩኝ።»

«እንግዲያው አባትሽን ጥሪልኛ።»

«ኢንሻ አላህ ጀነት ናቸው። ኸፈለግህ ሄደህ ጥራቸው!»

አሁን የሳቀው ሰው ብዛት! ፈንታሁን ግን አልተቆጣም። ጎንበስ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገና፣ «ስሚኝ እትዬ። ጥቆማ ደርሷል። በወሩ መጨረሻ ኸአውራጃ ሰው ይመጣል። ኬላ ሰበራ፣ ሽፍታ፣ ነጋድራስ... ይኼ ሁሉ ተጽፎብሻል። እጄ ላይ ወረቀት ኻለ እከራከርልሻለሁ። ወረቀት ከሌለኝ ቁርበቱ ይጠቀለላል፣ አንቺም ኸሚዛኑ ትነሻለሽ» አላት።



«ነጋድራስ የሚለውንም ስም ጣይው» አለ ፈንታሁን ቀና ብሎ፣ ሁሉም እንዲሰማ። «የፊውዳል ማዕረግ ነው። ሊቀመንበር በይው።»

«ሊቀመንበር በቅሎ ሲነዳ አይተህ ታውቃለህ?»

«እትዬ!»

«እሺ፣ እሺ። እጽፈዋለሁ» አለች ፈዲላ። ቁርበቱ ላይ የቀረውን ዱቄት በመዳፏ እየሰበሰበች ደገመችው። «ቁርበቴን ማንም አይጠቀልላትም። እጽፈዋለሁ።»

ቁርኣን መቅራት በልጅነቷ ተምራለች። ፊደል ግን የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ዘመቻ፣ እኛው ዘንድ፣ ማታ ማታ ነው። እያንዳንዱ ፊደሏ አውራ ዶሮ ያክላል። ቢሆንም እርሳስ ገዛች፣ ደብተር ገዛች፣ ሚዛኑ ሥር ተቀመጠች። እህል ትመዝናለች፣ ትጽፋለች። ዝናብ ቢመጣስ? ጻፈች። በቅሎ ብትሞትስ? ጻፈች። ኬላ ጠባቂው ኸተነገረው በላይ ቢጠይቅስ? ሽፍታ ቢታረቅስ? ጭነት ለሁለት ቢካፈልስ? ማንም ሰው እህሉን ሊያስመዝን ሲጠጋ «እስቲ አንተ ምን ይቸግርሃል?» ብላ ታፋጥጠዋለች። ያ ሰው የማያልቅ ችግር አለበት፤ የወሎ ሰው ጠይቀሽው ችግር ይጠፋዋል? ደብተሩ ወፈረ። ጣቷ ጠቆረ። ፈንታሁን ሲያልፍ ከሩቁ ደብተሩን ከፍ አድርጋ ታሳየዋለች።

እንግዲህ ጥፋቱ የመጣው እዚህ ላይ ነው፤ ከጋሽ ማዕረግ።

ጋሽ ማዕረግን ካላወቃችኋቸው ላስተዋውቃችሁ። እኚህ ሰው የወጣትነት ዘመናቸውን ደሴ ፍርድ ቤት በር ላይ በርስት ሙግት የጨረሱ ናቸው። ከአጎታቸው፣ ከአማቻቸው፣ ከጎረቤታቸው፣ አንዴ ደግሞ ከገዛ ጠበቃቸው ጋር ተሟግተዋል። ከዚያ የመሬት አዋጅ መጣ። መሬቱ የሕዝብ ሆነ። ሌላው ሰው ደስ ሲለው ጋሽ ማዕረግ ግን ሥራ ፈቱ። ሙግት የለም! እንደ ሼህ ኑርዬ በቅሎዎች መሆናቸው ነው። ያ ሁሉ «በሕግ አምላክ» ጉሮሯቸው ውስጥ ተጠራቅሞ ቀርቷል።

ታዲያ ደብተሩ በተነበበ ዕለት እኔ ሽፍታ ሆኜ ጋሽ ማዕረግን ሚሌ ወንዝ ላይ ዘረፍኳቸው። ጨዋታ ነው ብዬ። ብድግ አሉ። ጋቢያቸውን አደገደጉ። ዱላቸውን ተከሉ።

«በሕግ አምላክ! መመሪያው 'ሽፍታ ከወንዝ ወዲህ አይዘርፍም' ይላል። እኔ ወንዙ መሐል ነበርኩ። ወንዝ መሐል ወዲህ ነው ወይስ ወዲያ?»

«እግርዎ ወዲያ ነው ጋሽ ማዕረግ፣» አልኳቸው፣ «ወዲህ የቀረችው በቅሎዎ ናት።»

«በቅሎ ኸጌታዋ ትለያለች? ምስክር አለኝ!»

«እኔም አለኝ!»

አቤት የዚያን ቀን! ግቢው ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ወገን የበቅሎዋ፣ ሌላው የእግሩ። ዋስ ተጠራ። ምስክር ቆመ። አንዷ ሴትዮ ወንዙን በዓይኗ አይታው እንደማታውቅ እየታወቀ ስለ ወንዙ ጥልቀት መሰከረች። ደብተሩ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል፣ እያንዳንዱ ሰው የሚጠቅመውን ገጽ ያነባል፣ የማይጠቅመውን በአውራ ጣቱ ይሸፍናል። በማግሥቱም ሙግት ነው። በሳልስቱም። ሕዝቡ እንዴት እንደተደሰተ! ሞተሩ ሲነሳ እንኳ «ቆይ፣ ፍርዱ ይሰማ» የሚል ነበር። በቅሎ ግን አንዲት አልተራመደችም። ባቄላዎቹ ወንዙ ላይ እንደቆሙ ዋሉ፤ አደሩ።

ፈዲላ ስታዳምጥ ቆየችና በመጨረሻ ጣሳውን አነሳች። ከሐይቁ ውሃ ቀነስ አድርጋ ባቄላዎቹ ላይ አፈሰሰች። ዱቄቱ ጭቃ ሆነ።

«ጭነታችሁ ምን ነበር ጋሽ ማዕረግ?» አለች።

«ጨው ነዋ።»

«እንግዲያውስ እናንተ ስትሟገቱ ጨዋችሁ ወንዝ ውስጥ ቆሞ ነበር። ሟሟ። ለነጋዴም ለሽፍታም የሚቀር የለም።»

ጋሽ ማዕረግ ዱላቸውን ነቀሉ። «ይግባኝ የለውም?» አሉ ቀስ ብለው።

«ለማን? ለዓሣው?»

ያን ዕለት ደብተሩን ሻንጣዋ ውስጥ ጨመረችው። ማንም የፈለገ ይስቅ እንጂ፣ ፊቷ ላይ ያየሁት ሳቅ አልነበረም። አብሬያት እስከ በሯ ሄድኩ። «የጻፍኩት ለመንገደኛው ነው፤ ያ ነው ያበላሸኝ» አለች፣ ለእኔም ለራሷም። «መንገደኛ መመሪያ ኸያዘ ይሟገታል። መያዝ ያለበት ነጋድራሱ ነው። እሱም ቢሆን የሚሆነውን አይደለም የሚይዘው። የሚሆነውን እኔም አላውቀው!»

«ታዲያ ምኑን?»

በሯን ከፍታ ገባች። በማግሥቱ ግን ከደብተሩ መሐል አንድ ባዶ ወረቀት ገንጥላ ሚዛኑ ላይ ዘርግታ አገኘኋት። አባቷ ቁርበቱ ፊት ተቀምጠው ምን ይሉ እንደነበር ለማስታወስ ዓይኗን ጨፍና ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ያኔ አንድ ሰው ስንት ኪሎ ሆነልኝ ብሎ ቢጠይቃት «ዝም በል፣ አባቴ እያወሩ ነው» አለችው።

የጻፈችው ይኼ ነው፤ እስካሁን በቃሌ እወጣዋለሁ። ነጋድራስ ይጠይቃል እንጂ አያዝም። መንገደኛ የሚያደርገውን ይናገራል፣ የሚሆነውን ባቄላው ይናገራል፣ እንዴት እንደሆነ ነጋድራሱ ይናገራል። አጋሰሱ የሞተበት ሰው ከቁርበቱ አይነሳም፣ ሌላ ሥራ ይሰጠዋል። ክርክር ሲረዝም ጨው ይሟሟል። በወረቀቱ ግርጌ ደግሞ፣ ከሁሉ በገዘፈ ፊደል፤ ነጋድራስ መንገዱ ሲጠፋበት «ማነው የጠማው?» ብሎ ይጠይቅ።

ፈንታሁን ወረቀቱን ገለበጠው። ጀርባው ባዶ ነው።

«አጭር ነው እትዬ።»

«ረጅሙን አይተኸዋል።»

«እሺ ይሁን። ግን...» አገጩን አሸት አሸት አደረገ። «ያ ሰውዬ ሲመጣ አንቺው ኸመራሽው፣ መመሪያው መሆኑን በምን ያውቃል? ምላስሽ ነው ይለኛል። መመሪያ ማለት ሌላ ሰው ይዞት የሚሠራበት ነው።»

ፈዲላ እንዲያ ስትነካ አይቻት አላውቅም። ከቁርበቱ ራስጌ ከአባቷና ከእሷ በቀር የተቀመጠ ሰው የለማ! ዓይኗ ወዲያ ወዲህ አለ፣ ዋርካው ሥር ያለውን ሰው ሁሉ ዞረ፣ ጋሽ ማዕረግ ላይ አርፎ በፍጥነት ተነሳ። ከዚያ ጣቷን ዘረጋች።

«ሙላት ይመራዋል።»

ሙላት! ከአርዲቦ ማዶ የሚመጣ ገበሬ ነው፤ ዓመት ሙሉ ከእኛ ጋር ሲጫወት ከአሥር ቃል በላይ የተናገረ አይመስለኝም። አህያውን እንኳ በሹክሹክታ ነው የሚነዳት።

«እትዬ፣ በማርያም!» አለ። «እኔ በስብሰባ ስሜ ሲጠራ እንኳ አቤት አልልም፤ እጄን ነው የማወጣ።»

«ለዚህ እኮ ነው የመረጥኩህ። ምላሰኛ ኸመራው ምላሱ ነው የሚባል። አንተ ኸመራኸው ግን ወረቀቱ ነው።»

«ቢጠፋብኝስ?»

«ግርጌውን አንብብ።»

የተባለው ቀን ደረሰ። ከአውራጃ የመጣው ጓድ ወፈር ያለ፣ ደከም ያለ፣ ጫማው አቧራ የለበሰ ሰው ነበር። በርጩማ ቀረበለት። ፈንታሁን ወረቀቱን ሰጠው፤ አንብቦ ለሙላት መለሰለት። ፈዲላ ቁርበቱን አነጠፈች፣ ዱቄቱን በተነች፣ መንገዱን ሰመረች። ከዚያ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ፣ ከቁርበቱ ራስጌ ተነስታ ከእኛ ጋር ተሰለፈች። ሙላት ሥራ አደለ። ጋሽ ማዕረግ ነጋዴ። እኔ ውሃ ቀጂ፤ ሽፍታ የሚባል ነገር ያን ቀን አገራችን ውስጥ አልነበረም! ፈዲላን አጋሰስ ነጂ አደረጋት።

«ኸባቲ... ተነስተናል» አለ ሙላት። «ሐይቅ ደርሰናል።»

ከዚያ ዝም አለ።

ዝም አለ፣ ዝም አለ። ግንባሩን ላብ አጠመቀው። ጓዱ በርጩማው ላይ ተመቻችቶ ተቀመጠ፣ ፈንታሁንን አየው። ፈንታሁን መሬት አየ። ፈዲላ ከጎኔ ናት፤ ነጠላዋን በጥርሷ ይዛለች። አፏ ላይ ያለውን መንገድ ሁሉ፣ የአምባሰልን ዳገት፣ ዝንጀሮዋን፣ ኬላ ጠባቂውን፣ በነጠላዋ አፍና መያዟ ነው። አንዲት ቃል ብትተነፍስ ወረቀቱ ዋጋ የለውም። አልተነፈሰችም።

ሙላት ወረቀቱን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። ከንፈሩ ግርጌው ላይ ተንቀሳቀሰ።

«ማነው... የጠማው?»

«በቅሎዬ!» አሉ ጋሽ ማዕረግ ሳያስቡት። «ኸባቲ ጀምሮ ውሃ የሚሏት ነገር አላየች፣ የሰው ያለህ!»

«እኔም ጠምቶኛል!» አልኩ።

ሙላት ቀና አለ። ፊቱ ላይ አንድ ነገር ሲበራ አየሁ። «ውሃ ኸፈለጋችሁማ የምውለው አርዲቦ ነው» አለና ጣቱን ዘርግቶ፣ ከፈዲላ መንገድ ላይ ገንጥሎ፣ ወደ ቀኝ አዲስ መንገድ ሰመረ። «በእኛ ደጅ ነው የምናልፈው። ውሻ አለ፤ የአማቴ ነው፣ ክፉ ነው። ማሽላው ደርሷል፤ በቅሎ ብትገባበት የባሰ ክፉ የሆነችው አማቴ ራሷ ናት። ኸዚያ ወዲያ ዳርዳሩ ረግረግ ነው። በየት ታልፋላችሁ?»

እሱ ነው ሙላት? ያ ሙላት?

ፈዲላ ክርኔን ጨመደደችው። «አባቴ በዚያ አልሄዱም!» አለች በጆሮዬ። «በአርዲቦ ሲራራ ሄዶ አያውቅም!»

«ወረቀቱ አይከለክልም» አልኳት።

አየችኝ። ያን አስተያየት አልረሳውም። ከዚያ ክርኔን ለቀቀች።

ጓዱ በርጩማውን ወደ ቁርበቱ ሳብ አደረገው። «ረግረጉን በቀኝ በኩል ብትዞሩትስ?» አለ። ከዚያ እንደማፈር ብሎ ጉሮሮውን ጠረገና፣ «ማለቴ፣ መመሪያው ተመልካች እንዲጠይቅ ይፈቅዳል ወይ?» ብሎ ፈንታሁንን ጠየቀው።

«አይከለክልም» አለ ፈንታሁን ፈጠን ብሎ።

«እንግዲያው ጓድም ጠምቶታል ማለት ነው» አለ ሙላት። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ ጓዱም ሳቀ። ፈንታሁን ብዕሩን አወጣ። ወረቀቱን ከሙላት እጅ ወስዶ ነጋድራስ የሚለውን እየሰረዘ «የጉዞ ሊቀመንበር» ብሎ ጻፈበት፤ ጓዱ ፈረመበት። ዋርካው ሥር ግን ያን ስም እስከ ዛሬ የጠራው የለም።

ሙላት ፊርማውን አላየም። ዓይኑ ቁርበቱ ላይ ነው።

«አጋሰስ ነጂዋስ?» አለ። «ረግረጉ ፊትሽ ነው። ምን ታደርጊያለሽ?»

ፈዲላ ነጠላዋን ከአፏ አወጣች። ክክ ባቄላውን አነሳች፣ መዳፏ ውስጥ አንቀጫቀጨችው፣ ወረወረችው። ጀርባ!

«በቅሎዋ ገባች!» ጮኹ ጋሽ ማዕረግ። «እስከ ሆዷ ገባች!»

«እስከ አንገቷ» አለ ነጋድራስ ሙላት፣ ድምፁ ከፍ ብሎ።

ከወፍጮ ቤቱ ሞተሩ ተነሳ፤ ናፍጣ ደርሷል ማለት ነው። የመጀመሪያው ተረኛ ተጠራ። ፈዲላ መዛኝ ናት፣ መሄድ ነበረባት። እሷ ግን እጅጌዋን ሰበሰበች፣ በጉልበቷ ወደ ቁርበቱ ተጠጋች።

«ጭነቱን አወርዳለሁ» አለች። «አሞሌውን በራሴ ተሸክሜ አወጣዋለሁ። እናንተም ቆማችሁ አታዩኝ፤ ገመድ ያለው ማነው?»